ሻይ ነው ብዬ ናቅኩት

ቡና ከተውኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ጎንደር ተወልዶ፣ ጎንደር አድጎ ቡና መተው ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ማራኪ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከማሽኑ ጋር ቁጭ ነው። ጠዋት ቤቴ እጠጣለሁ፣ ረፋድ ላይ ከሱቄ አጠገብ ካለችው ጀበና ቡና እጠጣለሁ፣ ማታ ደግሞ ከፊት ለፊት ጎረቤቴ ከእማማ ቤት ከአቦል እስከ በረካ። ጨጓራዬ ሌሊት እየቀሰቀሰ ቁጭ ሲያደርገኝ ጊዜ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። መድኃኒት ጻፈልኝና “ቡናውን ተይው” አለኝ። “ሻይስ?” ብለው “ቀጠን አድርገሽ” ብሎ ቀጣዩን ታካሚ አስጠራ።

“ቀጠን” የምትለዋን ቃል አልሰማኋትም። ከዚያ በኋላ ለደረሰብኝ ሁሉ መነሻዋ ያቺው ናት። እኔ የሻይ ሊቅ አይደለሁም፤ ከሱቅና ከሱፐርማርኬት ገዝቶ እንደሚጠጣ እንደማንም ሰው ነኝ። ግን ጨጓራ ይዟችሁ ወይም የደም ግፊት ፈርታችሁ ቡና ልትተዉ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እኔ የወደቅኩባትን ጉድጓድ እያያችሁ እለፉ።

የመጀመሪያው ስህተቴ በአንድ ቀን መተዌ ነው። ሰኞ ጠዋት ጀበናዬን አጥቤ ከዓይኔ አርቄ አስቀመጥኳት። ማክሰኞ ራሴን ሊፈልጠኝ ደረሰ። ብርሃን አስጠላኝ፣ ሰው ሲያወራኝ አናደደኝ፣ አራት ኮፒ ያለችኝን ተማሪ አርባ አድርጌ ሰጠኋት። በሽታው የባሰብኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ካፌይን ለለመደ ሰው ከመጨረሻው ስኒ በኋላ በ12 እና በ24 ሰዓት መካከል ራስ ምታቱ ይጀምራል፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ይበረታል፣ ሳምንት ሳይሞላ ወይም ሳምንት አለፍ ሲል ይለቃል። ይህን የነገረኝ ቢኖር ኖሮ በየሦስት ቀኑ አንድ ስኒ እየቀነስኩ በሁለት ሳምንት እጨርሰው ነበር። እናንተ እንደዚያ አድርጉ።

ከራስ ምታቱ የከበደው ግን እማማ ነበሩ። ማታ ልጅ ልከው “ቡና ጠጡ” ሲሉ ቀረሁ። በሁለተኛው ቀንም ቀረሁ። በሦስተኛው ራሳቸው መጡ፤ በሬ ላይ ቆመው “ምን በድዬሽ ነው ልጄ?” አሉኝ። ጨጓራዬን ብነግራቸው “ቡና ጨጓራ ቢነካ ኖሮ እኔ እስካሁን ቆሜ እሄድ ነበር?” ብለው ሳቁ። ይሉኝታው ሲያሸንፈኝ መላ ያገኘሁ መስሎኝ ፒያሳ ወርጄ ስፕሪስ መጠጣት ጀመርኩ፤ ግማሹ ሻይ፣ ግማሹ ቡና። ግማሽ ቡና በቀን አራት ጊዜ ሲጠጣ ስንት ቡና እንደሚሆን ለመደመር ፎቶ ኮፒ ቤት መክፈት አያስፈልግም። እኔ ግን ሳልደምረው ሦስት ሳምንት አለፈኝ።

ቀጥሎ ሙሉ በሙሉ ወደ ሻይ ዞርኩ። አሁን ሳስበው ቡናዬን በሻይ ስም ነበር የጠጣሁት። በራዱን ጠዋት ምድጃ ላይ እጥደዋለሁ፣ ቅጠሉን በእፍኝ እጨምራለሁ፣ ሲያልቅ በዚያው ቅጠል ላይ ውሃ እጨምርና መልሼ አፈላዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ቀለሙ ጌሾ የበዛበት ጠላ ይመስላል፤ ምላስ ይይዛል። ጠዋት ደግሞ አፌን ሳልፈታ በባዶ ሆዴ ነው። ጨጓራዬ ከቡናው ጊዜ እኩል ማቃጠል ሲጀምር ገርሞኝ “ሻይ ነው እኮ!” እል ነበር። አንድ ስኒ ጥቁር ሻይ በአማካይ የቡናውን ግማሽ ያህል ካፌይን አለው። ቅጠሉን አብዝቶ፣ አንተክትኮ፣ በቀን ስድስት ብርጭቆ ለሚጠጣ ሰው ልዩነቱ የት አለ? በዚያ ላይ የሻይ ጣኒን አለ፤ ያ ምላስን የሚያደርቀው ነገር። በባዶ ሆድ ሲጠጣ የሚያቅለሸልሻቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ አንዷ እኔ ነኝ።

ስኳሩንም ልንገራችሁ። መራራውን ለማሸነፍ በብርጭቆ ሦስት ማንኪያ አደርግ ነበር። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ወደ 4 ግራም ነው። በስድስት ብርጭቆ ሲባዛ 72 ግራም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ወደ 25 ዝቅ እንዲል ይመክራል። እኔ ከሻይ ብቻ ያንን አልፌዋለሁ፤ ለስላሳውን፣ ኬኩን ሳንቆጥር። ሻይን ቀጠን ማድረግ ስኳሩንም አብሮ እንደሚቀንስ ያየሁት በኋላ ነው፤ ያልመረረ ነገር ብዙ ማጣፈጫ አይፈልግም።

“የማፈላው ሻይ ዓይነቱ ነው ያልተስማማኝ” ብዬ ደግሞ ሱፐርማርኬት ለሱፐርማርኬት መዞር ጀመርኩ። እዚህ ጋ በጣም ተዝናንቻለሁ፤ በጣምም ተሸውጃለሁ። መደርደሪያው ፊት መቆም በራሱ ደስ ይላል፤ አረንጓዴው፣ ቀዩ፣ ወርቃማው፣ አበባ ያለበት፣ ሎሚ ያለበት። በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ አዲስ ካርቶን እገዛለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። የመጀመሪያው እንጆሪ የተሳለበት ነበር። ከአገር ውስጡ ሻይ ሦስት እጥፍ ዋጋ ከፍዬ ወደ ቤት በረርኩ። ፈላ፣ ቀላ፣ ቀመስኩት፤ ኮመጠጠ። ጣዕሙን የማውቀው መሰለኝ። ካርቶኑን ገልብጬ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ሳነብ መጀመሪያ የተጠቀሰው ሂቢስከስ ነው፣ ቀጥሎ ፖም፣ እንጆሪው መጨረሻ አካባቢ። ሂቢስከስ ማለት ከርከዴ ነው! በመተማ በኩል እየመጣ ቅዳሜ ገበያ በጆንያ ተዘርግቶ የሚሸጠውን ከርከዴ በሚያምር ካርቶን ሦስት እጥፍ ከፍዬ ገዛሁት።

ከርከዴ ካፌይን የለውም፣ ጥሩ መጠጥ ነው፤ ግን ጎምዛዛ ስለሆነ የእኔ ዓይነት ጨጓራ ላይ ሲያርፍ ያቃጥላል። ስለዚህ ፊት ለፊት ያለውን ስዕል ተዉትና ካርቶኑን ገልብጡት። ይዘቶቹ የሚጻፉት በብዛታቸው ቅደም ተከተል ነው፤ የገዛችሁት የመጀመሪያውን ነው። ቀኑንም እዩ፤ ከውጭ የመጣው ላይ ያለው የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እኔ በእኛ አቆጣጠር አንብቤው ጊዜው ያለፈበትን ሻይ “ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል” ብዬ ገዝቼ አውቃለሁ። ባለሱቁም አልነገረኝ፤ እሱም እንደኔ ያነበበው ይሆናል።

ቀጥሎ አረንጓዴ ሻይ። ጤና ነው ይባላል አይደል? እንደለመድኩት በራድ ውስጥ ከትቼ አሥር ደቂቃ አንተከተክሁት። ሬት ጠጥታችሁ ታውቃላችሁ? ካርቶኑን ሱቄ ውስጥ ለደንበኛ አደልኩት። ከተቀባዮቹ አንዱ የፊዚክስ መምህር ነበር፤ በማግሥቱ መጥቶ “እንዴት ብታፈይው ነው የጠላሽው? ግሩም ሻይ ነው” አለኝ። ነገርኩት። ሳቀና ወረቀት ላይ ስዕል እየሳለ አስረዳኝ፤ ፈተና ሊያስባዛ የመጣበትን ረስቶ። ጥቁሩም አረንጓዴውም ከአንድ ተክል ነው የሚመጡት፤ ልዩነቱ ከተለቀመ በኋላ ቅጠሉ ከአየር ጋር ተዋህዶ እንዲጠቁር መተዉ ወይም ቶሎ በሙቀት ተገትቶ አረንጓዴ እንደሆነ መቅረቱ ነው። አረንጓዴው የሚወደው ከ75 እስከ 80 ዲግሪ ያለ ውሃ ነው፤ በሚንተከተክ ውሃ ምሬቱን ሁሉ ይተፋል። ጎንደር ደግሞ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውሃችን የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ለጥቁር ሻይ ይህ ትንሽ ይጎድለዋል፣ ለአረንጓዴው ግን አሁንም ይበዛል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲህ አደርጋለሁ። ለአረንጓዴው ውሃው ፈልቶ ከወረደ በኋላ ክዳኑን ከፍቼ አምስት ደቂቃ ያህል እተወዋለሁ፣ ከረጢቱን ሁለት ደቂቃ ነክሬ አወጣለሁ፤ አልጨምቀውም። ጥቁሩን ግን ውሃው ገና እየዘለለ ሳለ ነው የማፈስበት፤ ብርጭቆውን በሲኒ ማስቀመጫ ከድኜ አራት ደቂቃ እጠብቃለሁ። ከረጢት ውስጥ ያለው ቅጠል በጣም የደቀቀ ስለሆነ ቶሎ ይወጣል፤ ከዚያ በላይ ቢቆይ ምሬት እንጂ ጣዕም አይጨምርም።

አሁን የማፍርበት ታሪክ። አንዲት ደንበኛዬ “ወገብ ያቀጥናል” ብላ የሆነ ካርቶን አመጣችልኝ። ያኔ በስኳሩ ምክንያት ትንሽ ወፍሬ ነበር፤ አላንገራገርኩም። ማታ አንድ፣ ጠዋት አንድ ጠጣሁ። ቀኑ የምዝገባ ሰሞን ነው፤ ተማሪ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተሰልፏል። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ሆዴ አንዴ ሲጮህ ሰማሁት። ሁለተኛ ሲጮህ ማሽኑ በራሱ ወረቀት እየተፋ፣ ካዝናው ተከፍቶ፣ “መጣሁ!” ብዬ ሮጥኩ። መጣሁ፣ ሄድኩ፣ መጣሁ፣ ሄድኩ። ስድስት ሰዓት ላይ ሱቁን ዘጋሁት። ማታ ካርቶኑን ለእማማ ባሳያቸው ማንበብ አላስፈለጋቸውም፤ ከረጢቱን ቀደው አሸተቱና “ሰናመኪ እኮ ነው! ሆድ ሲደርቅ የሚጠጣ። ማን ጠላትሽ ነው የሰጠሽ?” አሉ።

ካርቶኑ ላይ “ሴና” የሚል ቃል ነበር፤ እኔ የኩባንያው ስም መስሎኝ ነበር። ሆድ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ነው፤ የሚወጣው ውሃ እንጂ ስብ አይደለም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከአንድ ሳምንት በላይ መውሰድ አይመከርም፤ አንጀት ይለምደዋል፣ ሰውነት ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ያዛባል። እርጉዞችማ በጭራሽ ራሳቸው አይጀምሩት። ቀጭን ወገብ የተሳለበት ካርቶን ላይ ይህን ቃል ካያችሁ መልሱት።

እስካሁን ያልኩት በሳቅ የሚያልፍ ነው። ዋናው ዐቢይ ጾም ላይ መጣ። ሃምሳ አምስቱን ቀን ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን ነው፤ ምሳ እንደተበላ እጅ ሳይታጠብ ሻይ ይቀርባል። ለእኔ የምግቡ ማሳረጊያ ነበር። ጾሙ ሲጋመስ የሰፈራችን ዳገት አልወጣ አለኝ። ሁለት ጊዜ ቆሜ ነው የምወጣው። “ጾሙ ነው” አልኩ። ጸጉሬ ማበጠሪያ ላይ መቅረት ጀመረ። ከሁሉ የሚገርመው፣ ዝናብ ሲያካፋ የእርጥብ አፈር ሽታ ልቤን ይወስደው ጀመር፤ አንድ ቀን የግድግዳ ጭቃ ልቀምስ ስል ራሴን ያዝኩት። ሰው እንዳያየኝ ዙሪያዬን ተመለከትኩ።

ከፋሲካ በኋላ ተመረመርኩ። ሄሞግሎቢኔ 10.2። ለእኔ ዓይነቷ ሴት ከ12 በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ስለ ወር አበባዬ ጠየቀች፣ ስለ ጨጓራ መድኃኒቴ ጠየቀች፣ ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ “እህቴ፣ ምሳ ከበላሽ ስንት ደቂቃ ቆይተሽ ነው ሻይ የምትጠጪው?” አለችኝ።

“ቆይቼ? አብሬው ነው እንጂ።”

“ስንት ብርጭቆ?”

“ሁለት። አንዳንዴ ሦስት።”

ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ ያስረዳችኝን በራሴ ቋንቋ ላስቀምጠው። ደም ለመሥራት የሚያስፈልገንን፣ ከእህልና ከአትክልት የምናገኘውን ብረት፣ ጤፉንም ምስሩንም ጭምር፣ የሻይ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ጣኒን ሆድ ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል። ከሥጋ የሚገኘውን ብረት ብዙም አይነካውም። እንግዲህ አስቡት፤ በፍስክ ጊዜ ሥጋው ሲያካክስልኝ የከረመውን በጾም ከምግቡ ጋር እየጠጣሁ አጠብኩት። ሻይ ብቻውን አላደረገውም፤ የወር አበባዬ ይበዛል፣ የጨጓራ መድኃኒቱም አሲድ ስለሚቀንስ ብረት ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል። ግን ከሦስቱ በእጄ ያለው፣ ዛሬውኑ ላስተካክለው የምችለው ሻዩ ነበር። ስንት ካርቶን ስቀያይር፣ የትኛው ይሻላል እያልኩ ስለካ፣ ነገሩ ያለው ሰዓቱ ላይ ነበር።

መፍትሔው ያሳፍራል፣ ቀላል ስለሆነ። ከምግብ በፊት አንድ ሰዓት፣ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ሻይ የለም። የብረት ክኒኑ በውሃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ነው የሚወሰደው፤ በሻይ ከዋጣችሁት ገንዘባችሁን ጣላችሁት። ሽሮው ላይ ሎሚ ወይም ከጎኑ ቲማቲም በቃሪያ፣ ቫይታሚን ሲው ብረቱን ያስገባዋል። የመጀመሪያው ሳምንት ከምሳ በኋላ እጄ ባዶ ሆኖ የማደርገውን አጣሁ፤ ሙቅ ውሃ በብርጭቆ ይዤ ተቀመጥኩ። እጅ የሚፈልገው ሙቀቱን ነው ለካ። በሦስተኛው ወር 12.4 ገባሁ። የአፈሩ አምሮት ከዚያ በፊት ነው የጠፋው፤ መቼ እንደጠፋ እንኳ አላስተዋልኩም።

አሁን የምጠጣው ይህ ነው። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ የአገር ውስጥ ጥቁር ሻይ፣ ቀጠን ያለ፣ በአንድ ማንኪያ ስኳር፣ አንዳንዴ ቀረፋና ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ ጣል አደርግበታለሁ። የውሽውሹ ከካፋ፣ የጉመሮው ከኢሉባቦር ነው የሚመጣው፤ ሁሉን ዞሬ ዞሬ ተመልሼ ያረፍኩት እነሱ ላይ ነው፤ ስኳር ሳይበዛበትም ይጠጣል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ካፌይን ያለው ነገር አልነካም፤ የጠጣችሁት ካፌይን ግማሹ ከአምስት ሰዓት ያህል በኋላም ደማችሁ ውስጥ አለ። ማታ ጦስኝ ነው፣ ከሰሜን ተራሮች በኩል የሚመጣውን ገበያ ላይ እገዛለሁ። ጠጅ ሳርም ደስ ይላል። ካሞሚል ሱፐርማርኬት አለ፤ ለእኔ የድርቆሽ ውሃ ነው፣ የሚወዱት ግን ይምላሉ። ቃር ያለባችሁ ናናውን ተጠንቀቁ፤ የተሻለ ይመስልና ወደ ላይ ያመጣዋል። ያረገዛችሁ ደግሞ የቡናውም የሻዩም ካፌይን ተደምሮ በቀን ከ200 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ይመከራል።

አንዲት ነገር ልጨምር። ሻይ ሽታ ይሰርቃል። መጀመሪያ ሰሞን ካርቶኖቼን ሁሉ ከበርበሬው ዕቃ ጎን ደርድሬ ነበር። የክርስትና እንግዳ መጥቶ፣ “የተለየ ሻይ ላቅምሳችሁ” ብዬ አፍልቼ ሰጠሁ። አንድ ሽማግሌ ጎንጨት አሉና “ልጄ፣ ይሄ ሻይ ነው የሽሮ መረቅ?” አሉኝ። ክዳኑ በሚገጥም ጣሳ፣ ከቅመም ራቅ አድርጋችሁ፣ ፀሐይ በማይነካው ቦታ አስቀምጡት።

ከእማማ ጋርም ታርቀናል። “ሲኒውን ሳይሆን ወሬውን ፈልጌ ነው የምመጣው” ብያቸው ገባቸው። ባለፈው ቅዳሜ ስገባ ከረከቦቱ ጎን ትንሽ በራድ ከሰል ላይ ተጥዳለች። “ያንቺ ጦስኝ ነው” አሉ። ደስ አለኝ፤ ሰባት ደቂቃ እንደሚበቃው ነግሬያቸው ነበር። እሳቸው ግን አቦሉ ተቀዳ፣ ቶናው ተቀዳ፣ በረካው ተቀዳ፣ በራዷ ከከሰሉ አልወረደችም። በመጨረሻ ጥቁር አረንጓዴ የሆነ ነገር በሲኒ ቀድተው ሰጡኝ፤ “ቅጠል ካልበሰለ ምኑ መድኃኒት ነው” እያሉ። ዓይናቸውን አየሁና ጠጣሁት።